ኮሌስትሮሉ "ኖርማል" ነው ተባልን፤ ታዲያ አባባ ለምን እንደገና ታመሙ?

የቦርከና_ልጅ | ጥር 12፣ 2017

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

አባባ 63 ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት ደሴ ነው፣ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። በ2012 ሃርት አታክ ያዛቸውና አዲስ አበባ ወስደናቸው ስቴንት (የጠበበውን የደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገባላቸው። ከዚያ ወዲህ አቶርቫስታቲን 40 (የኮሌስትሮል ክኒን)፣ አስፕሪንና የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ስኳርም አለባቸው፣ ግን "ቀላል ነው" ተብሏል። ሲጋራውን በስቴንቱ ማግስት ጣሉት። ወላሂ አንድም ቀን አልነኩትም።

ኅዳር ላይ ኮሌስትሮል ተመረመሩ። ኤልዲኤል፣ መጥፎ የሚሉት ኮሌስትሮል፣ 97 ወጣ። ወረቀቱ ላይ "ከ130 በታች" ይላል፣ አጠገቡ ምንም ምልክት የለም። "ሸጋ ነው፣ በዚሁ ቀጥሉ" ተባልን። እኔም ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ለወንድሞቼ ላክሁ።

ታኅሣሥ ላይ ከፒያሳ ወደ ቤት የምትወስደውን ዳገት ሲወጡ መሃል ላይ ቆሙ። የያዙት ደረታቸውን አይደለም። ከደረት ዝቅ ብሎ፣ ሆድ የሚጀምርበት ጋ ነው። "ጨጓራዬ ነው" ብለው ከሱቅ ወተት ገዝተው ጠጡ። ቁጭ ሲሉ ተዋቸው። በማግስቱም እዚያው ዳገት ላይ፣ እዚያው የመብራት ምሰሶ ጋ። እናቴ የደወለችልኝ በሦስተኛው ቀን ነው። አዲስ አበባ ስንደርስ ሌላ የደም ስር ጠቦ ተገኘ፣ ሁለተኛ ስቴንት ገባ።

አሁን ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ጥያቄ አለ። መድኃኒቱን እየዋጡ፣ ሲጋራ ትተው፣ ኮሌስትሮሉ ኖርማል ሆኖ እንዴት? መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው?

---

ተልባ_በማር | ጥር 12፣ 2017

ይቅርታ አድርጊልኝና እህቴ፣ ይህ የኮሌስትሮል ክኒን የሚሉት ነገር ንግድ ነው። ጎረቤቴ ወሰደው፣ ጡንቻውን ጨረሰው፣ ተወው፣ ዛሬ እንደ ፈረስ ይሮጣል። ጉበትም ያበላሻል ይባላል። ጠዋት ተልባ በማር፣ ማታ ጥቁር አዝሙድ። አያቶቻችን ስቴንት ነበራቸው እንዴ?

---

የጦሳ_ጭጋግ | ጥር 12፣ 2017

አያቶቻችንማ "ውጋት ያዘው፣ አደረ፣ ሞተ" ተብሎ ነበር የሚቀበሩት። ውጋቱ ምን እንደነበር ማን መረመረ?

---

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም | ጥር 13፣ 2017

እህቴ፣ እንኳን ደረሳችሁ። እናትሽ አራተኛውን ቀን አለመጠበቃቸው ትልቅ ነገር ነው። ዳገት ሲወጡ የሚመጣ፣ ሲቀመጡ የሚተው ሕመም፣ የትም ቦታ ይሁን፣ ጨጓራ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ሲቀመጡም ካልተወ ደግሞ በቀጥታ ሆስፒታል ነው፣ ወተት የለም።

መድኃኒቱ አይሠራም ወይ ላልሽው፣ ይሠራል። ግን ሁሉንም አይሠራም። ጦሳ ተራራ ላይ እርከን ተሠራ ማለት ደሴ ዳግመኛ ጎርፍ አይገባትም ማለት አይደለም። ጎርፉ ይቀንሳል። የቀረው በሌላ በኩል ይመጣል። እኛ ይህን "ቀሪ ስጋት" እንለዋለን። መድኃኒት እየተወሰደም ሳይነካ የሚቀረው አደጋ ማለት ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። የብዙ ጥናቶች ውጤት ተደምሮ ሲታይ፣ ኤልዲኤል በ39 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በቀነሰ ቁጥር ሃርት አታክና ስትሮክን የመሰሉ ከባድ ነገሮች በ22 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። ትልቅ ነገር ነው። ግን ገልብጠሽ እዪው። ይይዛቸው ከነበሩ 100 ሰዎች 22ቱ ቀረላቸው። 78ቱስ? የአባትሽ ጥያቄ የእነዚህ የ78ቱ ጥያቄ ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለው "ከ130 በታች" ደግሞ የተጻፈው ልቡን ታሞ ለማያውቅ ሰው ነው። ወረቀቱ አባትሽን አያውቃቸውም። ሃርት አታክ ለያዘው ሰው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 (የመመሪያና የጥናት ዓመት የምጽፈው በፈረንጆች ነው) ያወጣው መመሪያ ኤልዲኤል ከ55 በታች ይሁን ይላል፣ ከመነሻውም ቢያንስ በግማሽ ይውረድ ይላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቴ ለያዘው ከ40 በታችም ይታሰባል። 97 ለእኔ ኖርማል ሊሆን ይችላል። ለእሳቸው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ወንድሜ ተልባ፣ አንተም ያልከው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። የጡንቻ ሕመም የሚያማርር ሰው ብዙ ነው። በ2020 እንግሊዝ አገር ስታቲን (አቶርቫስታቲን ያለበት የመድኃኒት ወገን) አልተስማማንም ብለው የተዉ 60 ሰዎችን ወስደው፣ አንድ ወር ስታቲን፣ አንድ ወር ባዶ ክኒን፣ አንድ ወር ምንም ሳይሰጡ አፈራርቀው አዩአቸው። በስታቲኑ ወር ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው በባዶው ክኒን ወርም ተሰምቷቸዋል። ሕመሙ ውሸት ነው አላልሁም። ያመጣው ግን በአብዛኛው ፍርሃቱ ነበር። ከባድ የጉበት ጉዳት በጣም ብርቅ ነው። ተልባውን ብላ፣ ጥሩ ምግብ ነው። በክኒኑ ፋንታ ግን አትብላው።

---

ክኒን_ቆጣሪ | ጥር 13፣ 2017

ወልድያ ነኝ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። እህቴ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በ2012 ስቴንት ሲገባላቸው፣ ስታቲን ሳይጀምሩ በፊት ኤልዲኤላቸው ስንት ነበር? የድሮ ወረቀት ይኖራል?

---

የቦርከና_ልጅ | ጥር 14፣ 2017

አገኘሁት። 141 ይላል።

---

ክኒን_ቆጣሪ | ጥር 14፣ 2017

እንግዲህ አብረን እናስላ። አቶርቫስታቲን 40 በየቀኑ ሲወሰድ ኤልዲኤልን ወደ ግማሽ አካባቢ ያወርደዋል። ከ141 ተነስተን 70 ወይም 75 ነበር የምንጠብቀው። እሳቸው 97 ላይ ናቸው። 31 በመቶ ብቻ ነው የወረደው። 10 ሚሊ ግራሟ ትንሿ ክኒን እንኳ ከዚህ ትሻላለች።

ሰው ከሰው ይለያያል፣ ሰውነቱ እንደሚገባው የማይመልስ አለ። ግን እኔ በሥራዬ ያየሁት፣ ሒሳቡ እንዲህ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቆጠረው ክኒኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስደው ሰው ግማሽ ያህሉ ነው ብሏል። የእኛን አስቢው።

ሄደሽ ቁጠሪ። ግን እንደ ፖሊስ አትግቢባቸው። "ክኒን ልግዛልዎ፣ ስንት ቀረዎት?" ብለሽ ጀምሪ።

ሌላም ነገር። ለጨጓራ ምን ወሰዱ? ኦሜፕራዞል ከሆነ ከስቴንቱ በኋላ ደም እንዳይረጋ ከሚሰጠው ክሎፒዶግሬል ጋር አይስማማም፣ ጉልበቱን ይቀንስበታል። ለሐኪማቸው ንገሩ፣ የሚቀየር አማራጭ አለ። በጨጓራ ባክቴሪያ ስም ክላሪትሮማይሲን ሲታዘዝም "ስታቲን እወስዳለሁ" ማለት ግዴታ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ያኔ በእውነት ጡንቻ ይጎዳል። እዚህ አገር ጨጓራ የሌለበት ሰው ስለሌለ ነው የምለው። ክሎፒዶግሬሉን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። አዲስ ስቴንት ያለ እሱ በደም ሊዘጋ ይችላል።

---

የቦርከና_ልጅ | ጥር 18፣ 2017

ቅዳሜ ደሴ ወጣሁ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

አባባ ሶላት ላይ ሳሉ እናቴን ጠየቅኋት። ዝም አለችና ወደ ሳጥኑ አመለከተችኝ። ከጋቢው ሥር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አለ። ከፈትሁት። በፌስታል የተጠቀለለ፣ በላስቲክ የታሰረ ስትሪፕ ነው። አውጥቼ ምንጣፉ ላይ ደረደርሁት። አቶርቫስታቲን ብቻ 14 ስትሪፕ። አስፕሪኑ ሌላ፣ የግፊቱ ሌላ። ሁለቱ ስትሪፕ ጊዜያቸው ካለፈ ዓመት ሊሆናቸው ነው። አንዱ ስትሪፕ ላይ አምስቱ ፍሬ ወጥቷል፣ አምስቱ አለ። በተራ። አንድ ቀን ይውጣሉ፣ አንድ ቀን ጣሳው ውስጥ ያስገባሉ።

አባባ ከሶላት ሲነሱ ምንጣፉ ላይ አዩት። አልተቆጡም። አጠገቤ ቁጭ አሉና "በ2014 ደሴ ስትያዝ ስንት ቀን ያለ መድኃኒት እንደቆየሁ አንቺ አታውቂም፣ አንቺ አዲስ አበባ ነበርሽ" አሉኝ። "ገንዘብ ይዤ ነው የዞርሁት። ፋርማሲው ተከፍቶ መደርደሪያው ባዶ ነው። ያን ቀን በልቤ አልሁ፣ ሁለተኛ ባዶ እጄን አልገኝም።"

ከዚያ ወዲህ ነው። ለክፉ ቀን እያስቀመጡ ነው። እኔ በየወሩ ክኒን እየገዛሁ ስለምልክ ለእሳቸው የምበቃ ልጅ ነኝ እያልሁ ነበር።

---

የጦሳ_ጭጋግ | ጥር 18፣ 2017

ኧረግ... እናቴም ኢንሱሊኗን እንዲሁ ታደርግ ነበር። ማሰሮ ውስጥ ውኃ አድርጋ።

---

ስቴንት_2009 | ጥር 18፣ 2017

እኔ ሐይቅ ነኝ። በዚያ ሰሞን ሐይቅ ላይ የነበርነው ሰዎች መድኃኒት ተበዳድረናል። አምስት ፍሬ አስፕሪን የሰጠኝን ሰው እስከ ዛሬ ሳየው ብድግ እላለሁ። እህቴ፣ አባትሽ አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት አቆጣጠሩ ላይ ነው።

---

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም | ጥር 19፣ 2017

ይህን አንብቤ ጥቂት ቆየሁ። እኛ ክፍላችን ውስጥ "መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?" ብለን እንጠይቃለን፣ "አዎ" ይሉናል፣ እንጽፋለን። እውነታቸውን ነው፣ ይወስዳሉ። "ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ዘለሉ?" ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እኔም ብዙ ጊዜ አልጠይቅም።

ቢሆንም ወሬው እዚህ ላይ እንዳያልቅ። ክኒኑ በየቀኑ ቢወሰድም 72 አካባቢ ነው የሚደርሱት። 55 አልገቡም። አቶርቫስታቲኑን ከ40 ወደ 80 ማሳደግ ብዙ አያስኬድም። ስታቲን በእጥፍ ሲጨመር ኤልዲኤል የሚወርደው ተጨማሪ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ መድኃኒት ይጨመራል፣ ኢዜቲማይብ 10 ሚሊ ግራም። ስታቲን ጉበት የሚሠራውን ኮሌስትሮል ይይዛል፣ ይህኛው አንጀት የሚመጠውን ይይዛል። በላዩ ላይ 20 በመቶ ያህል ያወርዳል። በ2015 የወጣው ከ18,000 በላይ ሰው የተሳተፈበት ጥናት ላይ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ስታቲን ብቻ ከወሰዱት 34.7 በመቶ፣ ሁለቱን ከወሰዱት 32.7 በመቶ አደጋ ደረሰባቸው። ከመቶ ሰው ሁለት። ትንሽ ናት ትሉ ይሆናል። ለሁለቱ ሰዎች ቤተሰብ ግን ትንሽ አይደለችም። ስኳር ያለባቸው ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ተጠቅመዋል።

ይህን ለሐኪማቸው አቅርቡ። እኔ አላየኋቸውም፣ ማዘዝ አልችልም።

---

የቦርከና_ልጅ | ጥር 19፣ 2017

አመሰግናለሁ ዶክተር። 55 ከገቡ ታዲያ ዳኑ?

---

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም | ጥር 20፣ 2017

አይ። ብዋሽሽ ደስ ባለኝ።

በ2017 በፈረንጆች ይፋ የሆነ ፉሪየር የሚባል ጥናት አለ። ከ27,000 በላይ ሰው። ሁሉም ስታቲን ላይ ያሉ ናቸው። ለግማሾቹ በመርፌ የሚሰጥ ኃይለኛ መድኃኒት ተጨመረላቸው። ኤልዲኤላቸው ከ92 ወደ 30 ወረደ። 30! እኔ በሥራዬ እንዲህ ያለ ቁጥር ከስንት አንዴ ነው የማየው። እንደዚያም ሆኖ በሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ 9.8 በመቶው አደጋ ደረሰባቸው። መርፌውን ያላገኙት 11.3 በመቶ። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። የቀረውም እውነተኛ ነው።

ስለዚህ ሌላውን በር እንይ። አንዱ ግፊት ነው። ስንት ነው? በ2015 የወጣው ስፕሪንት ጥናት የላይኛውን ከ120 በታች ለማድረግ የታገሉትን፣ በ140 ከረኩት ጋር አስተያየ። የታገሉት 25 በመቶ ቀነሰላቸው። "ኖርማል ነው ለእድሜዎ" የሚባለው 145 ኖርማል አይደለም። ሁለተኛው ስኳሩ። "ቀላል ስኳር" የሚባል ነገር ልብ ለታመመ ሰው የለም። ኢምፓግሊፍሎዚን የሚባል የስኳር መድኃኒት በ2015 በወጣ ጥናት፣ ልባቸው የታመመ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች በልብ ምክንያት ከመሞት 38 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ስኳሩን በማውረዱ ብቻ አይደለም፣ በሌላ መንገድም ለልብና ለኩላሊት ይጠቅማል። እየወሰዱት ካልሆነ ጠይቁ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ነው። ሊፖፕሮቲን ትንሿ ኤ ይባላል። ኤልዲኤልን የሚመስል ቅንጣት ነው፣ ግን በዘር የሚወረስ። በ1963 ኖርዌይ ውስጥ ነው የታወቀው። ከዓለም ሰው ከአምስቱ አንዱ ከ50 ሚሊ ግራም በላይ አለው። ምግብ አይቀይረውም፣ ስፖርት አይቀይረውም፣ ስታቲንም አያወርደው። ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ልክ አንዴ መመርመር ይበቃል። አዲስ አበባ ለክትትል ስትሄዱ አሠሩት።

አራተኛው ብግነት ነው። የደም ስር ግድግዳ ውስጥ የገባው ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ አመድ እንደለበሰ ረመጥ ይቆያል። አንድ ቀን አመዱ ይገለጣል፣ እዚያ ላይ ደም ይረጋል። ይህን ለመለካት ኤችኤስ ሲአርፒ የሚባል ምርመራ አለ። ከ2 በላይ ከሆነ ረመጡ አልጠፋም ይባላል። ግን ጉንፋን ወይም የጥርስ ቁስል ካለብሽም ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ሲሻሉ ነው የሚመረመሩት። በ2017 ካንቶስ በሚባል ጥናት ኮሌስትሮልን ጨርሶ ሳይነኩ ብግነቱን ብቻ በማብረድ 15 በመቶ መቀነስ ተችሎ ነበር። ሐሳቡ ትክክል መሆኑን ያሳየ ነው። መድኃኒቱ ግን ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ስላበዛ፣ ዋጋውም ሰማይ ስለሆነ፣ ለልብ ጥቅም ላይ አልዋለም። ከዚያ የሪህ መድኃኒት የሆነው ኮልቺሲን ተሞከረ። በ2019ና በ2020 የወጡት ሁለት ጥናቶች ጥሩ ነበሩ፣ በ2024 የወጣው ትልቁ ግን ጥቅም አላሳየም። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ፋርማሲ እንዳትሮጡ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ መርዝ ነው።

---

ሐይቅ_ከጅዳ | ጥር 20፣ 2017

እህቶቼ ወንድሞቼ፣ እኔ ጅዳ ነኝ፣ አባቴ ሐይቅ ነው፣ እሱም የልብ ሕመምተኛ ነው። በየሦስት ወሩ የዓሣ ዘይት ኦሜጋ ሦስት በሰው እልካለሁ። ይጠቅመዋል ወይስ ገንዘቤ ነው? ሐቁን ንገሩኝ፣ አልከፋም።

---

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም | ጥር 21፣ 2017

ሐቁን ካልሽ፣ ገንዘብሽ ነው። በ2018 አንድ ጥናት 25 በመቶ ቀነሰ ብሎ ዓለምን አስደነቀ። ግን ያ ንጹሕ ኢፒኤ የሚባል በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ በቀን 4 ግራም። ለማነጻጸሪያ የተሰጠው ዘይትም ራሱ ጎጂ ነበር ወይ የሚል ክርክር አለ። በ2020 ሌላ ዓይነት ኦሜጋ ሦስት በዚያው መጠን ተሞክሮ ምንም አላመጣም። አንቺ የምትልኪው ከሱቅ የሚገዛው ፍሬ ከሁለቱም አይደለም።

በዚያው ብር ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ላኪላቸው። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ሳይሆን የክንዱን።

---

ሐይቅ_ከጅዳ | ጥር 21፣ 2017

ሁለት ዓመት ሙሉ! አይ እኔ። እሺ መለኪያ።

---

ሳላይሽ | ጥር 22፣ 2017

ይቅርታ ካልረበሽኩ፣ እህቴ 19 ዓመቷ ነው፣ "የልብ በር ችግር" ተብላ በየወሩ መርፌ ትወጋለች። እሷም ኮሌስትሮል ትመርመር?

---

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም | ጥር 22፣ 2017

አይደለም፣ ያ ሌላ በሽታ ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው ነው፣ በእኛ አገር ወጣቶች ላይ የሚበዛው። የእሷ ትልቁ ነገር የፔኒሲሊን መርፌዋ ቀን እንዳያልፍ ነው። ለብቻው ክር ክፈቺለት፣ እመልስልሻለሁ።

---

ስቴንት_2009 | ጥር 23፣ 2017

ዶክተር፣ ማንም ያልነካውን ልንካው። ጫት። የእህታችን አባት ዓርብ ዓርብ ዱዓ አይቀመጡም?

---

የቦርከና_ልጅ | ጥር 23፣ 2017

ይቀመጣሉ። ሌላ ቀን አይነኩም፣ ዓርብ ግን ከጁምዓ በኋላ እስከ መግሪብ። እኔ ለዶክተሩ ያልነገርሁት እንዳይታሙብኝ ብዬ ነው።

---

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም | ጥር 23፣ 2017

እዚህ ማንም አያማም፣ እኔ ራሴ የወሎ ልጅ ነኝ። ግን ነገሩ ይኸው ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው። የልብ ምት ያፈጥናል፣ ግፊት ያወጣል፣ የልብን የደም ስር ያኮማትራል። የመን ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ከሃርት አታክ ጋር ተያይዟል። ስቴንት ላለው ሰው ጥቂቱም ጥሩ አይደለም። ዱዓው ይቀመጡ፣ ቡናው ይፍላ፣ ቅጠሉ ይቅር። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

---

የጦሳ_ጭጋግ | ጥር 23፣ 2017

ቡናውንም እንዳትነካብን ብቻ!

---

የውስጥ_ደዌ_ሐኪም | ጥር 23፣ 2017

ልነካው ነው። በወረቀት ሳይጠለል የሚጠጣ የፈላ ቡና ኤልዲኤልን ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ዘይት አለው፣ የጀበናውም ከዚያው ወገን ነው። አቦልና ቶና ጠጥቶ በረካውን ለሌላ መተው ለአባባ ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቡናው ሳይሆን ውስጡ የሚገባው ጨው ነው። ግፊት እያለ ቡና በጨው፣ በቀን ስድስት ስኒ! ከቤት የሚወጣ ሌላ ነገር ካለ ደግሞ የሚረጋው ዘይት ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው። ሁዳዴ ጾመው ሥጋ ቅቤ ሳይቀምሱ በዚያ ዘይት የተሠራ ወጥ የሚበሉትንም ይመለከታል።

---

ክኒን_ቆጣሪ | የካቲት 15፣ 2017

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ስለገጠሙ ሰሞኑን ፋርማሲ የሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ። አቶርቫስታቲን ሰውነት ውስጥ ይቆያል፣ የፈለጋችሁት ሰዓት ይዋጣል። በኢፍጣርም ይሁን ከቅዳሴ በኋላ፣ ብቻ በየቀኑ በዚያው ሰዓት። የሚያሸና የግፊት መድኃኒትና የስኳር መድኃኒት ግን እንዲህ አይገላበጥም፣ ከጾሙ በፊት ሐኪም ያስተካክለዋል። ስቴንት ከገባ ጥቂት ወር ያልሞላው ሰው ደግሞ መጾም አለመጾሙን መጀመሪያ ሐኪሙን፣ ቀጥሎ ሼኩን ወይም የነፍስ አባቱን ይጠይቅ። የእህታችን አባት እንዴት ሆኑ?

---

የቦርከና_ልጅ | ግንቦት 6፣ 2017

ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ።

ረመዳንን አልጾሙም። ሐኪሙ አይሆንም አሉ፣ ሼኩም "በሽተኛ ነዎት፣ ይካሱታል" አሉ። በዚህ በጣም ከፋቸው፣ በክኒኑ ይህን ያህል አልከፋቸውም ነበር።

ኢዜቲማይብ ተጨመረ፣ ስታቲኑ 80 ሆነ፣ ኤልዲኤል 58 ገባ። ግፊቱ 128 በ78፣ በራሳችን መለኪያ። የስኳሩ መድኃኒት ተቀየረ። ትንሿን ኤ አሠራናት። 84 ወጣች። ሐኪሙ "ይህ ከወላጅ የመጣ ነው፣ የሚያወርዱት መድኃኒቶች ገና ሙከራ ላይ ናቸው፣ እስከዚያው ሌላውን ሁሉ አጥብቀን እንይዛለን" አሉ። ከዚያ እኔን አዩኝና "አንቺና ወንድሞችሽም አንዴ ተመርመሩ" አሉ። ለራሴ ጉዳይ እዚያ የገባሁ አልመሰለኝም ነበር። የፊታችን ሰኞ ቀጠሮ አለኝ።

ጫቱ... ሁለት ዓርብ ተቀመጡ፣ አልቃሙም። ሦስተኛው ላይ "ትንሽ ቅጠል ብቻ" አሉ። በዚያ ላይ እየተደራደርን ነው።

ጣሳውን ልንገራችሁ። ልጥለው ነበር፣ እናቴ አይሆንም አለች፣ ትክክል ነበረች። ጊዜው ያለፈውን ወደ ፋርማሲ መለስን። የቀረውን አንድ ላይ ቆጥረን የሁለት ወር ስንቅ አደረግነው፣ ለክፉ ቀን። እኔ በየወሩ አዲስ አመጣለሁ፣ አዲሱ ጣሳው ሥር ይገባል፣ ከላይ ያለው አሮጌው ይዋጣል። ልክ እንደ ጎተራ እህል። አንድም ፍሬ አይዘለልም፣ ጣሳውም ባዶ አይሆንም። አባባ ክዳኑ ላይ በእስክሪፕቶ "እስከ ሐምሌ" ብለው ጽፈውበታል። በየእሑዱ እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሚቆጥሩት፣ እኔን አያስነኩኝም።

---

ስቴንት_2009 | ግንቦት 6፣ 2017

የሁለት ወር ስንቅ። ዛሬውኑ ጣሳ እፈልጋለሁ።

---

ተልባ_በማር | ግንቦት 9፣ 2017

ኢዜቲማይብ ያላችሁት ደሴ ይገኛል? ለእኔ አይደለም፣ ለባለቤቴ ነው።

---

ክኒን_ቆጣሪ | ግንቦት 9፣ 2017

አጠያይቅልሃለሁ ወንድሜ። የእሷ ኤልዲኤል ስንት ነው? ከመጀመሩ በፊት የነበረውንም ወረቀት ፈልግ።